ድምፅ የበዛበት፣ ድምፅ የሌለው ጎረቤት

ሳሪስ አካባቢ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። አንድ ሽማግሌ ስለ ሟቹ ማውራት ይጀምራሉ። መሃል ላይ ቦሌ ሊያርፍ የሚወርድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ይመጣል። ሽማግሌው ዝም ይላሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። «ምን እያልኩ ነበር?» እንኳን አይሉም። ለምደውታል።

እኔን ከጩኸቱ በላይ የሚገርመኝ ይሄ መልመድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «የድምፅ ብክለት» ሲባል የሁላችንም ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ጭፈራ ቤትና ወደ ድምፅ ማጉያ ነው። ስለ እነሱ ወረዳ ድረስ ሄዶ አቤት የሚል አይጠፋም። ስለ አውሮፕላን ግን ማን አቤት ይላል? ለማንስ? አየር መንገዱ የሁላችንም ኩራት ነው። ባሕር ማዶ ከርሞ የሚመለስ ሰው ያንን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጭራ ሲያይ ሆዱ ይባባል። የኔም ይባባል። ግን የሚኮሩበትን ነገር መጠየቅ ነውር አይደለም።

ነገሩን ያነሳሁት አለ ምክንያት አይደለም። ጥር 2018 ዓ.ም ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ በሚባለው ቦታ፣ የአዲሱ አየር ማረፊያ ግንባታ በይፋ ተጀምሯል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል። መጀመሪያ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። አራት ማኮብኮቢያ ይኖረዋል። ቦሌ በ2011 ዓ.ም ከተስፋፋ በኋላ እንኳ የተነገረለት አቅም 22 ሚሊዮን ነበር። ልዩነቱን አስቡት።

ከቦታው የሚነሱት ገበሬዎች 2,500 ገደማ እንደሆኑ ተዘግቧል። ስለ ካሳቸው ብዙ ተብሏል፤ ገና ብዙ መባልም አለበት። እኔ ዛሬ የማወራው ስለማይነሱት ነው። ከአጥሩ ማዶ ስለሚቀሩት። እነሱ ካሳ የላቸውም፣ አዲስ ቤት የላቸውም፣ ዜና ላይም የሉም። የሚደርሳቸው ድምፁ ብቻ ነው።

አየር ማረፊያ ከከተማ ሲሸሽ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ያደገ ልጅ አውሮፕላን ሲያርፍ አይቶ አያውቅም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ድሮ አውሮፕላን የሚያርፈው በዚያ በኩል፣ ልደታ ሜዳ ላይ ነበር። ጄት ሲመጣ ሜዳው አልበቃ አለ። በ1950ዎቹ ቦሌ ተሠራ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር። ከዚያ ከተማው ተከተለው። መንገዱ መጣ፣ ሆቴሉ መጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ መጣ። ዛሬ ማኮብኮቢያዎቹን ቤት ከቧቸዋል፤ በዚህ በኩል ሳሪስ፣ በዚያ በኩል ጎሮ።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? አየር ማረፊያው «እኔ ቀድሜ ነበርኩ» ቢል እውነቱን ነው። ነዋሪውም «ካርታ ሰጥታችሁኝ ነው የሠራሁት» ቢል እውነቱን ነው። መሃል ላይ የቆመው ፈቃድ ሰጪው ነው። እሱን ግን የሚጠይቀው የለም።

አቡሴራ ደግሞ ገና ነው። አካባቢው የአድኣ ጤፍ አገር ነው። ከአየር ማረፊያው ጋር ከተማ አብሮ ታቅዷል፤ ካልታቀደም በራሱ ይመጣል፤ ቦሌን ያየ ሰው ይሄን አይጠራጠርም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለአባል አገሮቹ ያስቀመጠው መንገድ አራት ነገር አለው፦ ጸጥ ያለ አውሮፕላን፣ የመሬት አጠቃቀም፣ የአበራረር ዘዴ፣ እና የበረራ ገደብ። በተለይ ሁለተኛው የሚሠራው ቤት ሳይሠራ በፊት ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ የሚቀረው መስኮት መድፈንና መነታረክ ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ይንደረደራል፤ ከተነሳም በኋላ ከፍታ የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ከጣሪያ በላይ ዝቅ ብሎ ይቆያል። አቡሴራ ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አየር መንገዱ ቦታውን ከወደደበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው፤ የበለጠ ጭነት ይዞ መነሳት ይቻላል። ለጎረቤትም ትንሽ ይሻላል። ግን የበረራው ቁጥር ሲጨምር ያ «ትንሽ» የት እንደሚደርስ እንጃ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ወደ ሌሊት።

ቦሌ የሌሊት ገበያ ነው። ማታ ከአፍሪካ ከተሞች የመጣው መንገደኛ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ይበተናል። ንጋት ላይ ደግሞ ከዚያ የመጣው ወደ አፍሪካ ይበተናል። አየር መንገዱን ያሳደገው ይሄ ቅብብል ነው። ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ላይ አራተኛው ማኮብኮቢያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2011 ሲከፈት ፍርድ ቤት ሌሊት መብረርን አገደ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ድረስ መደበኛ በረራ የለም። በቀጣዩ ሚያዝያ ላይፕዚግ ያለው ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አጸናው። ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ «እኛም!» ሊል ይችላል። እኔ አልልም። እዚህ እንዲህ ያለ እገዳ ቅብብሉን ይበጥሰዋል፤ እንጀራ የሚበላበትን ሰው ሁሉ ይነካል።

ግን በ«ዝጉ» እና በ«ቻሉት» መሃል ብዙ ነገር አለ። አራት ማኮብኮቢያ ካለ ሌሊት ሌሊት ማፈራረቅ ይቻላል፤ አንዱ ሰፈር ዛሬ ይተኛል፣ ሌላው ነገ። ለጥገና የሚደረገውን የሞተር ሙከራ ወደ ቀን ማምጣት ይቻላል። ለማረፍ ደረጃ በደረጃ እየቆሙ ከመውረድ ይልቅ በአንድ ፍሰት መውረድ ይቻላል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። እነዚህን የሚያውቁ ባለሙያዎች እኛም ጋ ሞልተዋል። የጎደለው የሚጠይቃቸው ጎረቤት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጠየቀው አንዴ፣ ከግንባታ በፊት መሆኑ ነው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ቀን፣ የታሸገ ውሃ፣ ፎቶ። አየር ማረፊያው ግን 50 ዓመት ይጮሃል። የበረራ መስመር ይቀየራል፣ የጭነት በረራ ይጨመራል፣ አዲስ ማኮብኮቢያ ይከፈታል። ያኔ ሁሉ ማን ይጠየቃል?

ከፍራንክፈርት የምወደው እገዳውን ሳይሆን ኮሚሽኑን ነው። በጀርመን የአየር ትራፊክ ሕግ መሠረት የቆመ የአውሮፕላን ድምፅ ኮሚሽን አላቸው። ዙሪያውን ያሉ ከተሞችና መንደሮች፣ የነዋሪ ወኪል፣ አየር መንገዶችና አየር ማረፊያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ኮሚሽኑ አያዝም፤ ይመክራል። ግን አንድ ጥርስ አለው። ባለሥልጣኑ ምክሩን ካልተቀበለ ለምን እንዳልተቀበለ ምክንያቱን ለኮሚሽኑ መናገር አለበት። ቀላል ትመስላለች። እኛ አገር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት «አይሆንም» ካለ በኋላ «ምክንያቱም» ብሎ ሲጽፍ ስንቴ አይታችኋል?

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢም የራሱ ታሪክ አለው። ሬገን አየር ማረፊያ ከወንዙ ዳር፣ ከአርሊንግተንና ከአሌክሳንድሪያ አፍንጫ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከየሰፈሩ የተውጣጣ የድምፅ ቡድን ተቋቋመ። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን የበረራ መስመር የሚወስነው የፌዴራሉ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ቡድኑ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ መወሰን አይችልም። ደግሞ መስመሩን ከአንዱ ሰፈር ስታነሳው ሌላው ሰፈር ላይ ታወርደዋለህ። ስለዚህ ጎረቤትና ጎረቤት ይጣላል። እዚያው አሜሪካ፣ ፊኒክስ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በሳተላይት የሚመራ አዲስ የበረራ መስመር ሲሠራ ከተማው በቅጡ አልተጠየቀም። አውሮፕላኖቹ በጠባብ መስመር፣ በተወሰኑ ሰፈሮች አናት ላይ ተደረደሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2017 መሥሪያ ቤቱ ተረታ። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈጀ ክርክር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ይረክስ ነበር።

እኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሞዴል ከውጭ ማስመጣት ያለብን አይመስለኝም። እድር አለን። እድር ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ከሁሉ በላይ ሰው ያምነዋል። የቢሾፍቱና የአቡሴራ ዙሪያ እድሮች፣ የገበሬው ሽማግሌዎች፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራን ወኪል ይምረጡ። ራሳቸው ይምረጡ፤ ከላይ ተመርጦ አይላክላቸው። የከተማው መሬት ክፍል፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና አየር መንገዱ በሦስት ወር አንዴ አብረዋቸው ይቀመጡ። ድምፅ መለኪያ ይተከል፤ ውጤቱም ማንም ሰው ስልኩ ላይ እንዲያየው ይለጠፍ። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የአገራችን ደረጃ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ታልፏል ወይስ አልታለፈም? መለኪያ ከሌለ ይሄም ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ይሄ ባለሀብት ያስፈራራል» የሚል ክርክር ሲነሳ ይታየኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘቡን በማፈላለግ ከፊት የቆመው የአፍሪካ ልማት ባንክ ራሱ የአካባቢና የማኅበረሰብ ጥበቃ ደንብ አለው፤ በሚያበድርበት ፕሮጀክት የተጎዳ ሰው አቤት የሚልበት ገለልተኛ ክፍልም አለው። አቤቱታው እዚያ ከመድረሱ በፊት እዚሁ፣ እድር ቤት ቢያልቅ አይሻልም?

የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ ምን ይሁን ብባል አንድ ነገር ነው የምለው። የድምፁ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ከአራቱ ማኮብኮቢያዎች ሲነሳና ሲወርድ ድምፁ የት ድረስ፣ በምን ያህል እንደሚደርስ የሚያሳየው። ከዚያ እርሳስ ይዞ ትምህርት ቤቶቹን መክበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት በለንደን፣ በአምስተርዳምና በማድሪድ አየር ማረፊያዎች ዙሪያ ከ2,800 በላይ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን ተመልክቶ ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ በጨመረ ቁጥር የልጆቹ የማንበብ ችሎታ ወደ ኋላ ሲቀር ታየ። ቀጥሎ ጤና ጣቢያዎቹ ይከበቡ። ከዚያ ከአጥሩ ውስጥ የተነሱት ገበሬዎች የሄዱበት አዲሱ መንደር። እሱ በካርታው ላይ የት እንደወደቀ እኔ ራሴ ማየት እፈልጋለሁ።