ክብር ለጋሽ በኋላ

"አፕዴት ያድርጉ" ሲባል "በኋላ" የምትለዋን የሚጫን ሰው በከንቱ ይወቀሳል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ነው። ስሙን ጋሽ በኋላ እንበላቸው።

ጋሽ በኋላ የቢትኮይን ኖድ አላቸው፤ የዲጂታል ገንዘቡን ዝውውር ተቀብሎ የሚያጣራ ኮምፒውተር ማለት ነው። ቨርዥኑ ከጫኑት ጀምሮ አልተነካም። ኖዱን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ቢትኮይን ኮር፣ ራሱን በራሱ አያድስም፤ አለቃ በሌለበት ኔትወርክ ደግሞ ማን ይነካቸዋል? ይኼ ሁሉ ነፃነት ለእሳቸው የተፈጠረ ይመስለኛል።

ጨዋም ናቸው። ከሌላ ኖድ ጋር ሲገናኙ ገና ከሰላምታው የቨርዥን ቁጥራቸውን ይናገራሉ፤ ዕድሜ አይደብቁም። ጎረቤቶቹም ያከብሯቸዋል። የፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ቁጥራቸው ከ31800 እስካላነሰ በር አይዘጋባቸውም። የእ.ኤ.አ. 2010 ዘመን ቁጥር መሆኑ ነው እንግዲህ!

ቁም ነገሩ ግን ማጣራታቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ሴግዊት የሚባለው ለውጥ ሲገባ፣ አሮጌዎቹ እንዳይባረሩ ተብሎ በብልሃት ተሠራ። ባለቤቱ ገንዘቡን እንዳዘዘበት የሚያረጋግጠው ፊርማ ለብቻው ተቀመጠ፤ ለአሮጌ ኖድ ሲላክ ፊርማው ተነሥቶለት ነው። ጋሽ በኋላ የሚያዩት ማንም ብድግ አድርጎ ሊያወጣው የሚችል የሚመስል ገንዘብ ነው። ምን ይላሉ? "ትክክል ነው፣ ይለፍ።" ፊርማ የሚባል ነገር አላዩም እኮ! "እኔ ማንንም አላምንም፣ ሁሉንም ራሴ ነው የማጣራው" ማለታቸውን ግን አልተዉም። እንዲህ ያለ ቅን ልብ ከየት ይገኛል?

ደግሞ ድል አላቸው። በማርች 2013 አዲሱ የሶፍትዌሩ ቨርዥን 0.8 አንድ ትልቅ ብሎክ (የዝውውሮች ጥቅል) ተቀበለ። አሮጌው 0.7 ግን የዳታቤዙ ገደብ አላስችል ብሎት እምቢ አለ። የብሎኮቹ ሰንሰለት ለሁለት ተሰነጠቀ። መፍትሔው ምን ሆነ? ቀድመው ያደሱት ማይነሮች (ብሎክ ሠሪዎች) ወደ 0.7 ተመለሱ፣ የደከሙበትን ብሎክ እየጣሉ። ጋሽ በኋላ ከወንበራቸው ሳይነሡ አሸነፉ። ይኼን ወሬ እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ያነሡታል። በዚያው ዓመት እስከ ሜይ 15 ድረስ አሮጌዎቹም እንዲያድሱ ወይም ገደቡን እንዲያሰፉ መባሉን አያነሡም። ትሑት ስለሆኑ ነው።

በጁላይ 2015 ደግሞ አዲስ ሕግ ጸና። አንድ ያላደሰ ማይነር በአሮጌው ሕግ ብሎክ ሠራ፤ ሌሎቹ ሳያጣሩ ላዩ ላይ ገነቡ። ስድስት ብሎክ ውኃ በላው። አሮጌ ቨርዥን ላይ ላሉትም ማስጠንቀቂያ ወጣ፦ ክፍያ ስትቀበሉ ከወትሮው 30 ማረጋገጫ (በክፍያው ላይ የሚደረብ ብሎክ) ጨምራችሁ ጠብቁ። አምስት ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። ሌላው ሰው ተማረረ። ለጋሽ በኋላ ግን አምስት ሰዓት ምን አላት?