«አባወራ» የታክስ መደብ አይደለም

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ስለ ታክስ አሞላል ማብራሪያ የሰጡ ባለሙያ፣ ሳይጋቡ አብረው ከሚኖሩ ጥንዶች ልጁን በታክስ ቅጹ ላይ ጥገኛዬ ብሎ ማን ይሙላው ተብለው ሲጠየቁ «አባትየው ይሙላዋ፤ አባወራው እሱ አይደል?» ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ። ጠያቂዋ እናት ግን አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ወዲያው ወደ ሕጉ ዞረው «አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ራሱ ልጁን የሚሰጠው ገቢው ከፍ ላለው ወላጅ ነው» አሉ። ከንግግራቸው ሁሉ የደከመው ይህ ነው። ገቢን የሚያነጻጽረው ደንብ የሚነሣው ሁለቱም ወላጆች አንዱን ልጅ በየፊናቸው ሲሞሉት ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው ልጁ በዓመቱ ውስጥ ከማን ጋር ብዙ ሌሊት እንዳደረ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከልጃቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩና የተስማሙ እናትና አባት ግን መራጮቹ ራሳቸው ናቸው። ለተካሰሱ ሰዎች የተጻፈን ደንብ ተስማምተው ለሚኖሩ ማንበብ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

የስሕተቱ ሥር «ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ» የሚባለውን፣ ታክስ የሚያቀልል የአሞላል መደብ «አባወራ» ብሎ መተርጎም ነው። አባወራ በእኛ ቋንቋ ማዕረግ ነው፤ በገበታ ቀድሞ የሚቀርብለት፣ እንግዳ የሚቀበል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው ነው። የአሜሪካ የታክስ ሕግ ከዚህ አንዱንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አለማግባትን፣ ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላይ መክፈልንና ልጁን በራስ ቅጽ መሙላትን ነው፤ ከፋይዋ ሴት ከሆነች መደቡ የሴቷ ነው። «ከግማሽ በላይ ከፋይ» ተብሎ ቢተረጎም ኖሮ አዳራሹም ባልሳቀ ነበር።

ቃሉ ሒሳቡንም ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2025 አባት 75,000 ዶላር፣ እናት 22,000 ዶላር ያገኙ፣ አንድ ሕፃን ያላቸው ጥንዶች እንውሰድ። አባት ልጁን ቢሞላ 2,200 ዶላር የቻይልድ ታክስ ክሬዲት (ስለ ልጅ የሚሰጥ የታክስ ቅናሽ) ያገኛል፤ የቤቱን ወጪ የሚሸፍነውም እሱ ከሆነ በሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ መደብ ታክሱ በላጤነት ከሚከፍለው 2,100 ዶላር ገደማ ይቀንስለታል። ይህን አልክድም። እናት ብትሞላው ግን፣ በላጤ መደብ ሆና እንኳ፣ ያንኑ 2,200 ዶላር ታገኛለች፤ በዚያም ላይ 4,328 ዶላር የኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ የሚሰጥ) ይጨመርላታል። የዚህ ክሬዲት የገቢ ጣሪያ አንድ ልጅ ላለው ላጤ በዚያ ዓመት 50,434 ዶላር ስለነበረ አባት በምንም መንገድ አያገኘውም። ልጁን አባት ከሞላው ቤተሰቡ ለአንድ ማዕረግ ክብር ሲል ከ2,000 ዶላር በላይ ወረወረ ማለት ነው።

ከታዳሚው አንዱ «ሁለታችንም ልጁን ሞልተን ቅጹን እንላክና የቀደመ ይውሰድ» ሲል ባለሙያው ዝም ማለታቸው ደግሞ ይብሳል። ደንቡን ሆን ብሎ ወይም ከቁብ ሳይቆጥር ጥሶ የሞላ ሰው እነዚህን ክሬዲቶች ለ2 ዓመት፣ ያጭበረበረ ለ10 ዓመት እንደሚከለከል ሳያውቁ ቀርተው ነው?

ጥንዶቹ በእርግጥ ያልተጋቡ ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሃይማኖትንም የባህልንም ጋብቻ ስለሚቀበል፣ አዲስ አበባ ላይ በተክሊል ወይም በሽማግሌ ተጋብቶ የመጣ ሰው እዚህ ፍርድ ቤት ወረቀት ስላላወጣ ብቻ ላጤ አይሆንም። ዋሽንግተን ዲሲም ባልና ሚስት ለመሆን ተስማምተው፣ በሰው ፊትም እንዲያ ሆነው አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል ያለ ሥርዓት የሚመሠረትን ጋብቻ ታውቃለች፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጋብቻ አይመሠረትም። በአገር ቤት ወይም በዲሲ እንዲህ የተጋቡ ሰዎች በሕግ ባለትዳር ስለሆኑ «በላጤነት እንሙላ» የሚለው ምርጫ ከነጭራሹ የላቸውም።

ባለሙያው በሚመጣው እሁድ ይመለሳሉ ተብሏል። እንግዲያውስ የልጁን ስም ከመጻፋቸው በፊት የሁለቱንም ወላጆች ደብልዩ ቱ (የዓመት ደመወዝ ማስረጃ) ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፤ ያችንም እናት ያለፈው እሁድ ያልጠየቋትን፣ በዓመቱ ስንት እንዳገኘች፣ ይጠይቋት።