ይቺ አትመጣም

ሰው የሚመሰገነው ሲሞት ነው ይባላል። እኔ ግን ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ላመሰግን ነው። እንዲያውም ይህን በምታነቡበት ሰዓት አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን እያገላበጠ ያለ ጀግና። የኮሌጅ ተማሪውን። በተለይ ያንን የሳምንቱን ሥራ በሙሉ ሳይሸራርፍ፣ ሳይነካካ፣ እንደ አደራ ዕቃ ጠብቆ እሁድ ሌሊት የሚያደርሰውን።

አትሳቁ። ሥራን ስድስት ቀን ሳይነኩ ማቆየት እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሥራ እኮ ዝም አይልም። ይጎረብጣል። ሌሊት ይቀሰቅሳል። በየመሀሉ "ዴድላይን ደርሷል" የሚል መልእክት ይልካል። ይህን ሁሉ እያዩ ንቅንቅ አለማለት ወኔ ይጠይቃል።

ሳምንቱ በሰኞ ይጀምራል፤ ሰኞ ደግሞ የዕቅድ ቀን ነው። ጀግናችን ማታ ቁጭ ብሎ ፕሮግራም ያወጣል። ፕሮግራም ስላችሁ ተራ ነገር አይደለም። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በአራት ቀለም ያሸበረቀ ነው። ሰማያዊ ለንባብ፣ ቢጫ ለአሳይመንት፣ አረንጓዴ ለእረፍት፣ ቀይ ለአስቸኳይ። የቀዩ እስክሪብቶ ቀለም ስላለቀ አስቸኳዮቹ ለጊዜው እንዲቆዩ ተደርጓል።

ለአንድ ሰዓት ክላስ ሁለት ሰዓት ጥናት የምትባል የቆየች የመምህራን ምክር አለች። በሳምንት 15 ሰዓት የሚማር 30 ሰዓት ያጠናል ማለት ነው። ጀግናችን 30ውንም ሰዓት አንድ ሳያስቀር ሠንጠረዡ ውስጥ አስገብቷል። አሁን የቀረው ማጥናት ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሰኞ ማታ ለንባብ የተመደበውም ሦስት ሰዓት ነበር። ሒሳቡ ገጠመ፤ ጀግናችንም ተኛ።

ይህ ተስፋ የእሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ ወደ 34 ቀን አሉ። እሺ፣ የሚበላሸው ነገር ሁሉ ቢበላሽስ? ተባሉ። ወደ 49 አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። ክፉውን ሁሉ አስበው ከገመቱት በላይ ማለት ነው። ሌላው ሰው ይህን አይቶ ያዝናል። እኔ እቀናለሁ። እንዲህ ያለ ተስፋ አሁን ከየት ይገኛል?

ማክሰኞ የሰላም ቀን ነው። ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሰው ሊያየው ይችላል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሳይንስም ከጀግናችን ጋር ነው። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ሥራ የሚያሳድሩ ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። በሴሚስተሩ መጀመሪያ እነዚህ ተማሪዎች ከሌሎቹ ያነሰ ይጨነቃሉ፣ ያነሰም ይታመማሉ። በቃ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። (ጥናቱ መጨረሻ ላይ እነዚሁ ተማሪዎች ከሌሎቹ ብሰው እንደታመሙና ውጤታቸውም ዝቅ እንዳለ ይናገራል። ጀግናችን ግን እንደ ልማዱ መግቢያውን ብቻ ስላነበበ አይመለከተውም።)

ረቡዕ ኩዊዝ ነበር። ስለ ረቡዕ ባናወራ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ግሩፕ ወርክ ነው። እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ የሰው ልጅ መተጋገዝ እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ቦታ የለምና። ስምንት ሰው፣ አንድ ሥራ፣ አንድ የጋራ ፋይል። መጀመሪያ የሚሠራው ሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ላይ የስምንቱም ስም በፊደል ተራ ይጻፋል። እስከዚህ ድረስ ስምንቱም እኩል ደክመዋል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አንዷ ትጽፋለች። ሁልጊዜ አንዷ ናት። ሁለተኛው በየሰዓቱ "የት ደረሰ?" ይላል፤ እሱ አስተባባሪ ነው። ሦስተኛዋ የርዕሱን ቀለም ከጥቁር ወደ ጥቁር ሰማያዊ ትቀይራለች። አራተኛው መልሶ ጥቁር ያደርገዋል። አምስተኛው አውራ ጣት ይልካል። ስድስተኛው አውራ ጣቱን በልብ ይወድለታል። ሰባተኛዋ ቻርጅ ጨርሳለች። ስምንተኛው የማን ጓደኛ እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም። የሚገርመው ግን ፕሬዘንት የሚያደርገው እሱ ነው። "እኛ ስንሠራው" እያለ።

ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ነበር። ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመ። ስምንት ሰው አንድ ላይ ሲጎትት የሚወጣው ጉልበት የስምንቱ ለየብቻ ተደምሮ ከሚገኘው ግማሹን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምስኪን። እነዚያ ቢያንስ ገመዱን ይዘው ነበር። የእኛን ግሩፕ ቢያይ ኖሮ ገመዱን ጥሎ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ የሚሆን ነገር የለም። አርብ ነዋ።

ቅዳሜ ጀግናችን ላይብረሪ ይገባል። አዎ፣ ገባ! መሰኪያ ያለበትን ወንበር እስኪያገኝ ሁለት ፎቅ ወጣ፣ ሁለት ፎቅ ወረደ። ሲያገኝ ላፕቶፑን ከፈተ፣ የውሃ ጠርሙሱን በግራ አቆመ፣ ሀንድአውቱን በቀኝ ዘረጋ፣ ፎቶ አነሳ፣ ለጠፈ። ከዚያ ቢጫውን ማድመቂያ መዘዘ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስፈላጊ መሰለው፤ ቀባው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ስለሚያያዝ እሱንም ቀባው። ሦስተኛውን ለይቶ መተው አድልዎ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ሀንድአውቱን አየሁት፤ ነጭ የቀረው የገጹ ቁጥር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ጎን ለጎን የመዘኑ ተመራማሪዎች ማድመቅንና ደጋግሞ ማንበብን ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከሚባሉት ጎራ መድበዋቸዋል። ራስን መፈተንንና ጥናትን በቀናት መከፋፈልን ነው ከላይ ያስቀመጡት። ግን ራስን መፈተን ፎቶ አይነሳም።

እሁድን በሦስተኛ ሰው ማውራት አልችልም። ጠርጥራችሁ ይሆናል፤ ጀግናው እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ፈተና አለ። የሥነ ልቦና መግቢያ። ስለዚህ እሁድ ተነስቼ ክፍሌን አጸዳሁ። የአልጋው ሥር ተጠረገ። መጻሕፍቱ በቁመት ተደረደሩ፣ አላማረኝም፣ በቀለም ተደረደሩ። ቀጥሎ ጫማዬን ያዝኩ። ሶሉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ማሰሪያውን ፈትቼ አጠብኩት፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጥጥ ጠረግኩ። ጫማዬ ያለ ፈተና ታጥቦ አያውቅም። የክፍል ጓደኛዬ የፈተና ፕሮግራም ተለጥፎ ያየ አይመስለኝም፤ እግሬን አይቶ ነበር የሚያውቀው። "ውይ፣ ሚድ ደረሰ እንዴ?" ይለኝ ነበር።

ደግሞ ማሳደሬ ያለ ፍልስፍና አይደለም። ኖርዝኮት ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል ብሎ ጽፏል። ሳምንት ብሰጠው ሳምንቱን ሊበላ ነው። ታዲያ አንድ ሌሊት ሰጥቼው ልኩን ባሳየው ምን አጠፋሁ? ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እያሉ የሚተርቱብን ሰዎች ይህን አላነበቡም።

እኩለ ሌሊት ሆነ። ፈተናው ሊደርስ 9 ሰዓት ቀረው። ስላይዶቹ 216 ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት 540 ደቂቃ ነው። 540 ሲካፈል ለ216፣ ለአንድ ስላይድ ሁለት ደቂቃ ተኩል። ይበቃል! እንዲያውም ይተርፋል። በደስታ ቡና አፈላሁ፣ ለጥናት የሚሆን ሙዚቃ መረጥኩ፣ አልወደድኩትም፣ ሌላ መረጥኩ። አርባ ደቂቃ ሄደ።

ከዚያ በቁም ነገር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ስላይዶች እንዲህ አድርጌ አጠናኋቸው። ዛሬ ብትጠይቁኝ ነጠላ ሰረዛቸውን እነግራችኋለሁ። አንድ ሰዓት ፈጁ። 440 ደቂቃ ለ210 ስላይድ፤ ሁለት ደቂቃ ከምናምን። አሁንም አይከፋም። ዓይኔ ስለከበደኝ ለአምስት ደቂቃ ጋደም አልኩ።

ስነቃ 300 ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ቡናው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ቡና እንቅልፍ አያጠፋም። ካፌይን የሚያደርገው አንጎል ድካሙን የሚሰማበትን በር መያዝ ነው። አዴኖሲን የሚባለው የድካም መልእክተኛ ውጭ ተሰልፎ ይቆያል እንጂ ወደ ቤቱ አይሄድም። ያን ሌሊት በሩን ሰብሮ ገባ።

300 ደቂቃ፣ 210 ስላይድ። ለአንዱ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርሰውም። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል። እውነተኛ የመጨረሻ ሌሊት ተማሪ ግን እዚህ ላይ ነው ትንቢት የሚገለጥለት። ስላይዱን ይከፍታል፣ ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል፣ መምህሩ ሲያስተምረው የነበረውን ድምፅ ለማስታወስ ይሞክራል (ያን ቀን ፎርፎ ነበር)፣ ከዚያ በእርጋታ ይፈርዳል።

"ይቺ አትመጣም።"

ቀጣይ። ይቺም አትመጣም። ይቺ ሥዕል ናት፣ ሥዕል አይመጣም። ይቺ ረጅም ናት፣ መምህሩም አልወደዳትም። ይቺ ቀላል ናት፣ ብትመጣም እሠራታለሁ። ይቺ ደግሞ ከባድ ናት፣ ብትመጣም አልሠራትም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 210ሩ 60 ሆኑ። ቀሪው ጊዜ 270 ደቂቃ። አካፈልኩ። ለአንድ ስላይድ አራት ደቂቃ ተኩል!

ልብ በሉ፤ ሌሊቱን ስጀምር የነበረኝ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። አራት ሰዓት ተኩል አባክኜ ሀብታም ሆንኩ። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ አሳዩኝ። ያን ያህል ጊዜ ካለኝ ደግሞ ስልኬን ትንሽ ባይ አይጎዳም ብዬ ከፈትኩ።

ከተረፉት ስላይዶች አንዷ የኸርማን ኢቢንግሃውስ ነበረች። ጀርመናዊ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ፣ ራሱን እየፈተነ ምን ያህል እንደሚረሳ ለካ፤ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከድካሙ ግማሹ እንኳ አልቀረለትም። ከአንድ ቀን በኋላ የቀረው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሳነበው ልቤ ሞላ። ሐሙስ የተጠና ነገር ለሰኞ ምን ሊተርፍ ነው? ልክ ነበርኩ፤ ጥናት ትኩስ ትኩሱን ነው። ቀጣዩ ስላይድም የእሱ ነበር፤ ድግግሞሽን በቀናት መበተን ስላለው ጥቅም። ሁለት ስላይድ ስለ አንድ ሰውዬ? ይቺ አትመጣም።

ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፊት ነበረን። አንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ግድግዳ ያያል። አንዷ "ምንም አላነበብኩም" እያለች ትምላለች፤ እሷ ነች ሁሉን ያነበበችው። አንዱ ጀለስ መጥቶ "ያቺን ክፍል አይታችኋታል?" አለ። የትኛዋን? ብለን ተንጫጫን። እሱም አላወቃትም።

ወረቀቱ ታደለ። ገለበጥኩት። ጥያቄ አንድ፣ 10 ነጥብ፦ ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማጥናት በአንድ ጊዜ ከመሸምደድ የሚሻልበትን ምክንያት አስረዳ።

መጣች። ከነእህቶቿ መጣች። ሥዕሏም መጣች፣ ረጅሟም መጣች። ስድስቱ የመጀመሪያ ስላይዶች የኮርሱ መግቢያ፣ የመምህሩ ስልክና የነጥብ አሰጣጥ ነበሩ።

አንገቴን ደፋሁ። ጫማዬ ግን ምን ያህል እንደሚያበራ ብታዩ።