ከንፈሩ ስለተሰፋ ሕክምናው አላለቀም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን የጤና ዝግጅት ላይ የቀረቡ ሐኪም ከንፈሩና ላንቃው (የአፉ ጣሪያ) ተሰንጥቆ ስለሚወለድ ሕፃን ተጠየቁ። ዋናው ከንፈሩ መሰፋቱ ነው አሉ። ሌላው ልጁ ሲያድግ ቀስ ተብሎ ይታያል አሉ። ወላጅን ከአሁኑ በረጅም እቅድ ማስጨነቅም አያስፈልግም አሉ። ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም።

ከመጨረሻው ልጀምር። ወላጅ ይጨነቃል? ወላጅማ ተጨንቋል! ልጇ ጡት መሳብ አቅቶት፣ ወተቱ በአፍንጫው ሲመለስ ያየች እናት ጭንቀቷ ከወረቀት አይመጣም። የሚያስጨንቃት ነገ ምን እንደሚሆን አለማወቋ ነው። በስንት ወሩ ምን እንደሚደረግለት የተጻፈላት እናት ቢያንስ ቀን ትቆጥራለች። ያልተነገራት ራሷን ስትወቅስ ታድራለች። መረጃ መከልከልን እንደ ርኅራኄ ማቅረብ ያናድዳል።

«ሌላው» የተባለውስ ምንድን ነው? ከንፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይሰፋል። ላንቃ ደግሞ 1 ዓመት አካባቢ፣ ቢዘገይ እስከ 18 ወር። ጊዜው በዘፈቀደ አልተመረጠም። ልጅ አፉን የሚፈታበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ላንቃቸው ብቻ የተሰነጠቀ 558 ሕፃናትን አወዳድሯል። 5 ዓመት ሲሞላቸው፣ ሲናገሩ ላንቃቸው ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ በትክክል ባለመዝጋቱ ንግግራቸው የተቸገረው በ6 ወር ከተሠራላቸው 8.9 በመቶ፣ በ12 ወር ከተሠራላቸው 15 በመቶ ነበሩ። የ6 ወር ልዩነት ይህን ካመጣ፣ «ሲያድግ ይታያል» ማለት በልጅ አንደበት ላይ መፍረድ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ጆሮው ነው። ስለ ከንፈር ሲወራ ጆሮን የሚያነሳ የለም። ከጉሮሮ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። የሚከፍተው የላንቃ ጡንቻ ነው። ላንቃው ሲሰነጠቅ ጡንቻው ቦታውን ይስታል፣ ቱቦውም በደንብ አይከፈትም። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ ልጁን አያመውም፣ አያተኩሰውም፣ አያስለቅሰውም። የሰው ድምፅ ብቻ ታፍኖ ይደርሰዋል። ውኃ ውስጥ ጠልቃችሁ ከላይ የሚያወራ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ቃል ከየት ይልቀም? «ሰ»ን አጥርቶ ያልሰማ ልጅ እንዴት «ሰ» ይበል? ከዚያ ፈዛዛ ይሉታል። አይታዘዝም ይሉታል። የእኔን ልጅ ብለዋታል። ከንፈሯ አምሮ ተሰፍቷል፣ ፎቶ ላይ ምንም አይታወቅባትም። ከኋላዋ ስጠራት ግን ዞር አትልም ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል እስኪሞላት ጆሮዋን አስመርምሩ ያለን አንድ ሰው አልነበረም። ምርመራው እኮ አያምም!

ሌላም አለ። የድዱ ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ በአጥንት ይሞላል። ክራንቻ ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት መሆን አለበት። የጥርስ ማስተካከያ አለ። ለአንዳንዱ ሁለተኛ የላንቃ ቀዶ ሕክምና፣ ለአንዳንዱ ደግሞ እድገቱን ሲጨርስ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ቀዶ ሐኪሙ፣ የጆሮ ሐኪሙ፣ የንግግር ባለሙያውና የጥርስ ሐኪሙ ገና ከጅምሩ አብረው ሊቀመጡ ይገባል።

እርግጥ እቅድ ይለወጣል። ክብደቱ ካልጨመረ ወይም ደሙ ካነሰ ቀዶ ሕክምናው ይገፋል። ይገፋ። የሚገፋ ቀን ግን መጀመሪያ መቆረጥ አለበት።

እኚያ ሐኪም ሕዝብ ፊት የተናገሩትን ሕዝብ ፊት ያርሙት። ያን ዝግጅት አይታ የልጇን የጆሮ ቀጠሮ የተወች እናት እንዳለች አልጠራጠርም።