ኳስ ልጅ አያናግርም

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የአንድ ለጋሽ ድርጅት ተወካይ ንግግራቸውን «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ብለው ከፈቱ። ተጨበጨበ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እኚሁ ሰውዬ ውሳኔያቸውን ነገሩን። ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ ለልጆች የአእምሮ ጤና የሚሰጡት ገንዘብ ለ«ተጨባጭ ነገር» ብቻ ይውላል። ኳስ፣ የቀለም እርሳስ፣ ምንጣፍ፣ ድንኳን። የባለሙያ ደመወዝ የለም። «ገንዘቡ ለልጆቹ እንጂ ለሠራተኛ አይደለም» አሉ። አሁንም ተጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ሠራተኛዋ እኔ ነኛ!

የምሠራው በአንዲት ትንሽ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ነው፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆኜ። ጦርነትና መፈናቀል የጎዳቸውን ልጆች እናያለን። ከከተማው ትምህርት ቤቶች ይላኩልናል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ በሐይቅ ከተማ በኩል ወዳለ የተፈናቃዮች መጠለያ እንሄዳለን። ሦስት ነበርን። ጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ አንዷ ሄደች፣ ሁለት ቀረን።

መጀመሪያ ሕጉን ላንሳ። ሰውዬው የተደበቁት እሱ ጀርባ ነው። «አዋጁ ለአስተዳደር ከ20 በመቶ በላይ አታውጡ ይላል፤ እኛ ምን እናድርግ?» አሉ። አዋጁን ግን አንብበውታል? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011፣ አንቀጽ 63፣ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ልጅ ፊት ተቀምጣ የምታዳምጥ አማካሪ በየትኛው ሒሳብ ነው ከቢሮ ኪራይ ጋር የምትደመረው? ዘመኑ የአዋጅ 621/2001 ቢሆን ይገባኝ ነበር። ያኔ 70/30 የሚባል ጣጣ ነበረብን፦ ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር፤ ብዙ የፕሮጀክት ወጪም እንደ አስተዳደር ይቆጠር ነበር። እሱ ግን ከተሻረ ስንት ዓመቱ! በሞተ አዋጅ በሕይወት ያለ ሰው ከሥራ ይባረራል።

ከስብሰባው በኋላ ሻይ ላይ ደግሞ አንዱ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «አይዞሽ፣ ልጅ እኮ ይረሳል» አለኝ።

ይረሳል? በጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ የ5 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ 9 ዓመቱ ነው። ክፍል ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይቀመጣል። ሌሊት ሽንት ያመልጠዋል፤ እናቱ በነጋ በጠባ አንሶላ ታጥባለች። እንዲህ ያሉ ልጆች አንድ ሁለት አይደሉም። እኔስ ረስቻለሁ? ያኔ እኮ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ባለፈው ወር መንገድ ላይ የአይሱዙ ጎማ ፈነዳ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ቀድሜ ጠረጴዛ ሥር የገባሁት እኔ ነኝ። (ልጆቹ ሳቁብኝ። ከሳቁት አንዱ ለሁለት ወር ድምፁን ሰምተን የማናውቀው ነው። ጎማው ይባረክ።)

የዓለም ጤና ድርጅት ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራል ይላል። የሻዩ ሰውዬ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ብርጭቆ አወራረደው።

ወደ ኳሱ ልመለስ። ኳስ አልጠላም። መጠለያው ውስጥ ኳስ ሲወረወር ሃምሳ ልጅ ይሮጣል። ፎቶው ያምራል፣ ሪፖርት ላይ ይወጣል። የእኔ ሥራ ግን ያልሮጠችውን ማየት ነው። ዳር ቆማ የታናሽ ወንድሟን እጅ ጥርቅም አድርጋ የያዘችውን። ስሟን ጠየቅኳት፣ መልስ የለም። በሁለተኛው ሳምንትም የለም። በሦስተኛው አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ብዬ ቀለም ቀባሁ። በአራተኛው እሷም ቀለም አነሳች። በአምስተኛው ቤት ሣለች። ቤቱ በር የለውም።

«በሩስ?» አልኳት።

«ሰበሩት።»

አምስት ሳምንት፣ አንድ ቃል። እስቲ ይህን በተጨባጭ ነገሮች ቅጽ ላይ ሙሉልኝ። ዓይነት፦ ቃል። ብዛት፦ አንድ። የአንዱ ዋጋ፦ የአንዲት አማካሪ አምስት ሳምንት። ቃሏን ያወጣው የቀለም እርሳሱ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እርሳሱማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር።

አዋላጅ ሳይቀጥር የማዋለጃ አልጋ ብቻ የሚገዛ ማን አለ? የመምህር ደመወዝ «ለተማሪው አይደለም» ይባላል? ጥቁር ሰሌዳው ነው እንዴ የሚያስተምረው? ጦርነቱ የደሴን ሆስፒታል ባራቆተው ጊዜ አልጋም መሣሪያም ያስፈልግ ነበር፤ ልክ ነው። ሐኪሞቹ ግን ይቅሩ ያለ አልሰማሁም። የልጅ አእምሮ ላይ ሲደረስ ነው ሰው ትርፍ የሚሆነው። የእኛ መርፌም፣ ክኒንም፣ አልጋም ሰው ነው። ሌላ ዕቃ የለንም።

ወላጆች ይህን ያውቁታል። አንድ ልጅ ሲጨነቅ መጀመሪያ ጸበል ይወሰዳል፣ ወይም ሼኹ ጋ ለዱአ ይወሰዳል። አንዳንዴ ሁለቱም ጋ፤ ወሎ ነዋ! እኛ ጋ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። አልቀየምም። ቄሱም ሼኹም ልጁን ቁጭ ብለው ነው የሚሰሙት። ለዱአ ረከቦቱንና ስኒውን አቅርቦ «ቡናው ይቅር፣ ሼኹም አይምጡ» የሚል ሰው ግን አገራችን ላይ አላየሁም። ሰሞኑን አየሁ።

ባልደረባችን ስትሄድ የምታያቸውን ልጆች ሁለታችን ተካፈልናቸው። ግማሾቹ ከነጭራሹ ቀሩ። ሲቀር ማንን ትወቅሳለህ? ስንት ሳምንት ፈርቶ፣ ስንት ሳምንት ተለማምዶ፣ በመጨረሻ ያመነው ሰው አንድ ቀን የለም። ከመጡት አንዱ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ እሷም ሞተች?» አለኝ።

«አይ፣ ኮንትራቷ አልቆ ነው።»

«ኮንትራት ምንድነው?»

ተወካዩ ቢመልሱለት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር አልክድም። በእኛ ዘርፍ የሚበላ ገንዘብ አለ። ወርክሾፕ በወርክሾፕ፣ አበል በአበል። አከራዬ «ኤንጂኦ ነው የምትሠራው» ሲባል ሰምታ ኪራይ ጨምራብኛለች። ደመወዜን ብታየው ትቀንስልኝ ነበር። ግን ብክነቱን የሚፈልግ ሰው ከልጆቹ ክፍል አይጀምርም። ያንን አዳራሽ ይይ። ባነሩን፣ ቡፌውን፣ የታሸገውን ውኃ፣ ከአዲስ አበባ የመጡትን መኪኖች። ደመወዝ አይከፈል ብሎ ለመወሰን የወጣው ገንዘብ ለአንድ አማካሪ የስድስት ወር ደመወዝ ይበቃል። ደረሰኙን አላየሁም። ግን እምላለሁ።

ትናንት ቢሮ አንድ ቅጽ ደረሰን። በሐምሌ ለመጠለያው አርባ ኳስ ይገባል ይላል። ከታች «የተረካቢ ባለሙያ ስምና ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር አለ። የእኔም የባልደረባዬም ኮንትራት የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው።