ከዊሊትስ የተረፈው ገንዘብ የት ገባ?

የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊዎች ዘንድ አልበርድ ያለ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በተካሄደው የቤዝቦል ድራፍት ቁጥር 1 ምርጫ የናሽናልስ ነበር። እነሱም ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የ17 ዓመት የኦክላሆማ ልጅ መረጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግማሹ ደጋፊ "ርካሹን ልጅ አነሱ" እያለ ይናደዳል፣ ግማሹ ደግሞ "ገና ልጅ ነው፣ ታገሡ" እያለ ያባብላል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያደጉት የእኛ ልጆችም ከክርክሩ አልቀሩም። እንዲያውም ከፈረንጆቹ ይብሳሉ።

እኔ የሚናደዱት ተሳስተዋል ባይ ነኝ። የሚያባብሉትንም ግን ዝም ብዬ አላልፋቸውም።

ቤዝቦል ለማትከታተሉ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ መጨረሻ የወጣ ይሸለማል። ከ1965 ጀምሮ ክለቦቹ በየዓመቱ ከሃይስኩልና ከኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ፣ ደካማው ቀድሞ፣ ጠንካራው ኋላ። ድራፍቱ የሚመለከተው አሜሪካ፣ ካናዳና ፖርቶ ሪኮ ያሉትን ነው። የዶሚኒካንና የቬንዙዌላ ልጆች ከ16 ዓመት ጀምሮ በቀጥታ መፈረም ይችላሉ። ሆን ብሎ የሚሸነፍ ክለብ እንዳይበዛ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ተራዎች አሁን በዕጣ ሆነዋል። ለ2024ቱ ድራፍት ዕጣ ሲወጣ ቁጥር 1 ለናሽናልስ ደርሶ ነበር፣ ግን "አምና ከዕጣው ተጠቅማችኋል" ተብለው በደንቡ መሠረት ወደ 10ኛ ተገፉ። በዓመቱ 10.2 በመቶ ዕድል ብቻ ይዘው ቁጥር 1ን አገኙ። ዕድል ዕዳዋን ከፈለች በሉት።

ንዴቱ የሚጀምረው ከገንዘቡ ነው። ሊጉ ለእያንዳንዱ ተራ ዋጋ ያወጣል። ለቁጥር 1 የወጣው ዋጋ ወደ 11.08 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ። ሲያትል በ3ኛ ተራ የመረጠው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግራኝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ኬድ አንደርሰን 8.8 ሚሊዮን ወሰደ። ኮሎራዶ በ4ኛ ተራ የመረጠው ኢታን ሆሊዴይ 9 ሚሊዮን ወሰደ። አንደኛ የወጣው ልጅ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ያነሰ ተከፈለው ማለት ነው። ሆሊዴይ ደግሞ ስም ያለው ነው። አባቱ የቀድሞው የቤዝቦል ኮከብ ማት ሆሊዴይ ነው፣ ወንድሙን ጃክሰንን ጎረቤታችን ባልቲሞር በ2022 ቁጥር 1 ብሎ ነው የመረጠው። በዚያ ላይ ድራፍቱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ክለቡ ለዓመታት የመሩትን ጄኔራል ማናጀር ማይክ ሪዞንና ዋና አሠልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አባረረ። ምርጫውን ያደረገው በተጠባባቂነት የተቀመጠው ማይክ ዲባርቶሎ ነው። ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ከኮከቦቻችን ሃርፐር ሄደ፣ ሬንዶን ሄደ፣ ሶቶ ተሸጠ፣ እና አሁን ደግሞ ከ17 ዓመት ልጅ ላይ 3 ሚሊዮን ሊቆርጡ ነው? የክለቡ ባለቤት የለርነር ቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ወሬ ቢወራበት ራሱ ያመጣው ነው።

ግን ያ ገንዘብ የባለቤቶቹ ኪስ አልገባም።

እዚህ ጋ ነው ብዙው ደጋፊ የሚስተው። በድራፍቱ አንድ ክለብ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች የሚመደብለት የተወሰነ በጀት አለ። በጀቱን ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ የቀጣዩን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ይነጠቃል፣ ስለዚህ ማንም አይደፍረውም። በበጀቱ ውስጥ ግን ገንዘቡን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ማዞር ይቻላል። ከዊሊትስ የተረፈው 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ ከታች ላሉት ዋለ። በ3ኛው ዙር ላንደን ሃርመን የሚባል የሚሲሲፒ ፒቸር ተመረጠ። በ4ኛው ሚጌል ሳይም፣ የኒው ዮርክ ልጅ፣ ውርወራው በሰዓት 100 ማይል የሚነካ። በ5ኛው የኖርዝ ካሮላይናው ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል) ኮይ ጄምስ። ሦስቱም ከሃይስኩል የወጡ ናቸው፣ ሦስቱም ለተራቸው ከወጣው ዋጋ በላይ ነው የተከፈላቸው። እንዲህ ዓይነት ልጅ በ4ኛ ዙር ዋጋ አይፈርምላችሁም። "ካልከፈላችሁኝ ኮሌጅ እገባለሁ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ" ይላል፣ ይችላልም። ለዚህ ነው ገንዘብ የሌለው ክለብ በነዚያ ዙሮች በርካሽ የሚፈርሙ የኮሌጅ ልጆችን የሚለቅመው።

እንግዲህ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው በአንድ ወገን ዊሊትስ፣ ሃርመን፣ ሳይምና ጄምስ ናቸው። በሌላ ወገን ሆሊዴይና ማንም ስማቸውን የማያስታውሳቸው ሦስት ርካሽ ምርጫዎች። በ4ኛ ተራ 9 ሚሊዮን ያገኘ ልጅ ቁጥር 1 ተብሎ ቢጠራ ከዚያ ያነሰ አይቀበልም ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያውን ወገን እወስዳለሁ። ቆጣቢና ቋጣሪ ለየቅል ናቸው፣ ቢያንስ በዚህ ድራፍት።

ደግሞስ ዊሊትስ በርካሽ ስለፈረመ ርካሽ ተጫዋች ሆነ እንዴ? በግራም በቀኝም የሚመታ ሾርትስቶፕ ነው። አባቱ ሬጂ ዊሊትስ ለኤንጀልስ የተጫወተ ሰው ነው፣ ልጁ ከቤዝቦል ጋር ነው ያደገው። ትምህርቱን የሚጨርሰው በ2026 ነበር፣ አንድ ዓመት ቀድሞ ጨርሶ ወጣ። በ1987 ከተመረጠው ከኬን ግሪፊ ጁኒየር ወዲህ ከቁጥር 1 ምርጫዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው። ከሆሊዴይ እንኳን ወደ አሥር ወር ገደማ ያንሳል። በዚህ ዕድሜ አሥር ወር ቀላል አይደለም። ሆሊዴይ ጉልበቱ ያስፈራል፣ እሺ፣ ግን ብዙ ኳስ ስቶ እንደሚያሳልፍ ከድራፍቱ በፊትም ሲነገር ነበር፣ ሾርትስቶፕ ላይ ይቆያል ብሎ የሚያምንም ብዙ አልነበረም።

ያበላሸን የ2009 እና የ2010 ትዝታ ይመስለኛል። በ2009 ስትራስበርግ፣ በ2010 ሃርፐር። ሁለት ዓመት በተከታታይ ቁጥር 1 ምርጫ፣ ሁለቱም ጊዜ ሕፃን ልጅ እንኳን የሚያውቀው መልስ። ከዚያ በኋላ ቁጥር 1 ማለት ምትሃት መሰለን። 2025 እንደዚያ አልነበረም፣ እስከ መጨረሻው ሰዓት አምስት ስም ይጠራ ነበር። ያ ወርቃማ የምንለው 2009 ራሱ ቢመረመር ጉድ አለው። ናሽናልስ በ2008 የመረጡትን አሮን ክሮውን ማስፈረም አልቻሉም ነበር፣ በካሳ መልክ የ2009ን 10ኛ ምርጫ አገኙ። በሱም ድሩ ስቶረንን ወሰዱ። በ25ኛ ተራ ኤንጀልስ በኋላ ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነውን ማይክ ትራውትን መረጡ። ትራውትን! ናሽናልስን ብቻ አንውቀስ፣ ከፊቱ የነበሩ ክለቦች በሙሉ አልፈውታል። ግን በድራፍት ማግስት ደረቱን ነፍቶ "አበላሹት" የሚል ሰው ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

ሌላም ተረት አለ። "ስኪንስን ትተው ክሩስን ወሰዱ" ይባላል። አልተዉም። በ2023 ቁጥር 1 የፒትስበርግ ነበር፣ ፖል ስኪንስን ወሰዱት፣ ናሽናልስ በ2ኛው ተራ የቀረውን ዲላን ክሩስን አነሱ። ስኪንስ በ2025 ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ወስዷል፣ ክሩስ ደግሞ በዚያው ዓመት ተጎድቶ ከርሞ የመምታት አማካዩ 0.208 ብቻ ሆነ። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ያልነበረ ምርጫ ላይ ሰው አይወቀስም።

አሁን ወደ ታጋሾቹ ልምጣ። "ታገሡ" ስትሉን፣ ማንን ነው የምንታገሠው? ልጁን ከሆነ እሺ። ክለቡን ከሆነ ግን ታሪኩን እንይ። በ2011 አንቶኒ ሬንዶንን ከመረጡ በኋላ፣ እስከ 2022 ድረስ በመጀመሪያው ዙር ከመረጧቸው መካከል ለናሽናልስ ኮከብ የሆነ አንድም ልጅ የለም። አንድም! ጂዮሊቶ ቺካጎ ሄዶ ነው ኦል ስታር የሆነው። ኪቡም አልሆነለትም። ዴናበርግ ሜጀር ሊግን አላየም። በ2022 በ5ኛ ተራ ተመርጦ 6.5 ሚሊዮን የተከፈለው ኢላይጃ ግሪን አካሉ የአትሌት ነው፣ ኳሷን ግን ማግኘት አቃተው። ሃውስና ካቫሊ ገና ናቸው፣ ፍርዳቸው ይቆይ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ኤሪክ ፌዲ ነው። በ2014 በ18ኛ ተራ ተመረጠ። ዓመታት ደከመ፣ አልሆነም፣ በ2022 መጨረሻ አሰናበቱት። ደቡብ ኮሪያ ሄደ። በ2023 እዚያ 20 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉ ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች) ሆነ! ወደዚያ ከመሄዱ በፊት አንድ አዲስ ውርወራ ተምሮ ነበር፣ ስዊፐር የሚባለውን፣ ከኤምቪፒው በኋላ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በሁለት ዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር መልሰው አመጡት። ይህ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ በናሽናልስ እጅ ነበር። ውርወራውን ያስተማረው የለም። እንዲህ ያለው ክለብ ዊሊትስን መረጠ ሆሊዴይን መረጠ ምን ለውጥ አለው? የመረጡትን ልጅ ማሳደግ ካልቻሉ ምርጫው ለሌላ ክለብ የሚሠራ ነው የሚሆነው።

የ2019ን ዋንጫ አንርሳ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልረሳሁም። ስትራስበርግ የዎርልድ ሲሪሱ (የፍጻሜው ውድድር) ኤምቪፒ ነበር፣ ሬንዶን ድንቅ ነበር፣ ሁለቱም የድራፍት ልጆች ናቸው። ግን ሶቶ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ከዶሚኒካን የመጣ ነው፣ ሸርዘር በገበያ የተገዛ ነው። ዛሬ የምንመካበት ጄምስ ዉድም በሶቶ ሽያጭ ከሳንዲያጎ የመጣ ነው፤ ሜሪላንድ ያደገ፣ ዲሲ ውስጥ ሃይስኩል የጀመረ ልጅ፣ በ2021 በ62ኛ ተራ ፓድሬስ እስኪወስዱት ድረስ ናሽናልስ ሁለት ጊዜ አለፉት። እርግጥ ከሁለቱ በአንዱ ዴይለን ላይልን ነው የመረጡት፣ እሱ ደግሞ በ2025 አፋችንን አስያዘን። ድራፍት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ለኔ የ2025 ትልቁ ዜና ዊሊትስ አይደለም። በዓመቱ መገባደጃ ላይ ፖል ቶቦኒን ከቦስተን አምጥተው የቤዝቦል ክፍሉን ሰጡት፤ ሰውየው ቦስተን ውስጥ የድራፍት መልማዮችን የመራ ነው። ዋና አሠልጣኝ ያደረጉት ብሌክ ቡቴራ ደግሞ ከታምፓ ቤይ የተጫዋቾች ማሳደጊያ ክፍል የመጣ፣ ሲሾም የ33 ዓመት ወጣት የነበረ ነው። ታምፓ ቤይ ማለት ገንዘብ የሌለው፣ ግን ከሰው የተጣለ ፒቸር አንስቶ የሚሠራ ክለብ ነው። ያንን ዕውቀት የክለቡ ታዳጊ ቡድን እስካለበት ፍሬድሪክስበርግ ድረስ ካወረዱት ነገሩ ይለወጣል። ዊሊትስ የጀመረው እዚያ ነው፣ ከዲሲ በአይ-95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ትነዳላችሁ፣ ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመታው ኳስ ይልቅ ማን ከጎኑ ቆሞ ምን እንደሚለው እዩልኝ።

እና ሆሊዴይ ሆም ራን በመታ ቁጥር ስክሪንሾት የምትልኩልኝ ወንድሞቼ፣ ላኩ፣ አልከፋም። ግን በዚያው ምሽት ሃርመንና ሳይም ምን እንደወረወሩ አብራችሁ ካልላካችሁ መልስ አትጠብቁ።