20 ደቂቃ ናት

ከተማ ዳር ቤት ይዛችሁ መሀል ከተማ ለምትውሉ ወገኖቼ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እኛ አራት ኪሎ የቀረነው የሚኒባስ ጭስ ስንምግ እናንተ ንጹህ አየር አግኝታችኋል። እርግጥ የምትስቡት ተኝታችሁ ነው። ቢሆንም አየር አየር ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ። ስንት ዓመት ደጅ ጠንቶ ቱሉ ዲምቱ 20/80 ደረሰው። «አይርቅም?» ብላችሁ እንዳትጠይቁት፤ ይቀየማል። «ምን ይርቃል? መንገዱ ከቀናልህ 20 ደቂቃ ናት!» መንገዱ የሚቀናው ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑን አይጠቅስም። ትሕትና ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከእሱ ሰፈር ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት አብረው የወጡ ጎረቤቱ አዳማ ገብተው ቁርሳቸውን በልተው ሒሳብ ሲጠይቁ፣ እሱ ገና ሳሪስ ላይ ነው።

ባቡሩም አልረሳውም። በ2008 ሥራ ሲጀምር ቃሊቲ ድረስ መጥቶለታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ይጨርስ እንጂ!

ታማኝነቱንስ የት ታገኙታላችሁ? ፀጉሩን የሚቆረጠው ፒያሳ ነው። ሥጋ የሚገዛው ከድሮ ሰፈሩ ነው። ቤቱ ሲደርስ ሥጋው በራሱ ጊዜ ቋንጣ ለመሆን እያሰበ ነው። ዕድሩም እዚሁ ነው፤ ቢሞት እንኳ ወደ መሀል ከተማ መመለሱ አይቀርም። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አስቀምጧል አሉ። በቀን ብርሃን ግን ከወንበሮቹ ጋር ገና አልተያዩም።

ክረምት ሲገባማ ውበቱ ሌላ ነው። ቦቲውን ተጫምቶ፣ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከች ይላል። አንድ ቀን ቦቲውን ረስቶ ለገሃር ጫማ ሲያስጠርግ አብሬው ነበርኩ። ሊስትሮው ጭቃውን በቢላ ፈቅፈቅ አደረገና ቀና ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ከቃሊቲ ማዶ ነዎት አይደል? ይሄ ዋልካ ነው፤ ሒሳቡ ለብቻ ነው።» ወዳጄ ደስ አለው። ጭቃው ሳይቀር አድራሻ አለው ማለት ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ላይ ሸኘሁት። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ጭራው አይታይም። ስልኩ ጮኸ፤ ባለቤቱ ናት።

«ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ! 20 ደቂቃ ናት» አላት።

ከፊቱ ያለው ሰውዬም ስልኩን አነሳ። «እሺ፣ ደርሻለሁ።» ከኋላ ያለችውም ልጅ፣ «እማዬ፣ ደርሻለሁ አልኩሽ እኮ!»

ይሄኔ ተራ አስከባሪው በሙሉ ድምፁ፣ «ቱሉ ዲምቱ! ሰልፋችሁን ያዙ! መኪና ገና ነው!»

ወዳጄ ስልኩን በእጁ ሸፈነው። ዘግይቶ ነበር።